ሪፖዚተሪ ሲዘጋጅ የሚከሽፍን የሁክ ስክሪፕት መርምሮ የማስተካከያ መመሪያ

አዲስ ሪፖዚተሪ (የኮድ ማከማቻ) ከፍተው ወይም ከሰርቨር ክሎን አድርገው (ገልብጠው) የመጀመሪያውን ኮሚት (የለውጥ ምዝገባ) ሲሞክሩ ሁኩ፣ ማለትም እንደ ኮሚት ባሉ ሥራዎች ጊዜ በራሱ የሚነሣው ስክሪፕት፣ ካሰናከለዎት፣ የስክሪፕቱን ኮድ መነካካት ከመጀመርዎ በፊት አንድ ጥያቄ መመለስ ይኖርብዎታል። ሁኩ ጭራሹን አልተጠራም? ተጠርቶ መነሣት አቃተው? ወይስ ተነሥቶ ሥራውን ከሠራ በኋላ «አልቀበልም» አለ? ሦስቱ ከውጭ ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ መፍትሔያቸው ግን ለየቅል ነው። ሳይጠራ የቀረን ስክሪፕት መስመር በመስመር ሲያርሙ መዋል፣ ወይም ሥራውን በትክክል ሠርቶ የከለከለን ስክሪፕት ፈቃዱን እየቀያየሩ መሞከር፣ ቀኑን ሙሉ ሊያባክን ይችላል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች የተቀመጡት በዚሁ በሦስቱ ጥያቄዎች ቅደም ተከተል ነው፤ አንዱን ሳያረጋግጡ ወደሚቀጥለው እንዳይሻገሩ አደራ እላለሁ።

ትእዛዞቹንና የፋይል ስሞቹን እንደ አነባበባቸው በፊደላችን አስፍሬያቸዋለሁ፤ ተርሚናል ላይ የሚጻፉት በተለመደው የላቲን ፊደላቸው ነው። ማብራሪያው በዋናነት ጊት የተባለውን የኮድ ለውጥ መመዝገቢያ ፕሮግራም አሠራር የሚመለከት ሲሆን፣ ሰብቨርዥን የተባለውን ሌላ ተመሳሳይ ፕሮግራም የሚጠቀሙ ሰዎች የሚያጋጥሟቸውን ችግሮች ወደ መጨረሻው ለብቻ አቅርቤያቸዋለሁ።

ደረጃ 1፦ ሁኩ መጠራቱን ያረጋግጡ

የኮሚት ትእዛዙን ደግመው ሲጽፉ ከፊቱ «ጊት_ትሬስ=1» የሚለውን ያስቀድሙ። ጊት የሚያስነሣቸውን ፕሮግራሞች ሁሉ አንድ በአንድ ስለሚዘረዝር፣ የሁኩ ስም ከዝርዝሩ ውስጥ ከተገኘ ተጠርቷል ማለት ነው፤ ካልተገኘ አልተጠራም። በግምት መሄድ አያስፈልግም።

ስሙ ከሌለ መጀመሪያ የሚጣራው ጊት ሁኮችን የት እንደሚፈልግ ነው። ሌላ ነገር ካልታዘዘ የሚፈልገው በ«.ጊት» ማህደር ውስጥ ባለው «ሁክስ» በሚባለው ማህደር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ከወጣው የጊት ቨርዥን 2.9 ጀምሮ ግን «ኮር.ሁክስፓዝ» የተባለው ቅንብር ይህን ቦታ ወደ ሌላ ማህደር ሊያዞረው ይችላል። ቀደም ሲል ለሌላ ፕሮጀክት ብለው ቅንብሩን ለመላው ኮምፒውተር አስቀምጠው ረስተውት ከሆነ፣ በአዲሱ ሪፖዚተሪ ውስጥ ያስቀመጡት ሁክ የቱንም ያህል ትክክል ቢሆን ጊት ዞር ብሎም አያየውም። «ጊት ሬቭ-ፓርስ --ጊት-ፓዝ ሁክስ» የሚለው ትእዛዝ ጊት በትክክል የሚጠቀምበትን ማህደር ይነግርዎታል፤ «ጊት ኮንፊግ --ሾው-ኦሪጂን --ጌት ኮር.ሁክስፓዝ» ደግሞ ቅንብሩ የተጻፈበትን ፋይል ስም ጭምር ያሳያል።

ማህደሩ ትክክል ከሆነ ወደ ፋይሉ ስም ይሂዱ። ስሙ «ፕሪ-ኮሚት» ከሆነ ያው ብቻ መሆን አለበት፤ ከኋላው «.ኤስኤች» ወይም «.ፒዋይ» ከተቀጠለበት ጊት አይጠራውም። አዲስ ሪፖዚተሪ ሲከፈት አብረው የሚፈጠሩት ናሙናዎች «.ሳምፕል» የሚል ቅጥያ የተሰጣቸውም ሆን ተብሎ እንዳይሠሩ ነው፤ ስለዚህ ናሙናውን አስተካክለው ቅጥያውን ካላነሡለት ሥራው በከንቱ ይቀራል። የፋይል ቅጥያን በሚደብቅ ኮምፒውተር ላይ የጽሑፍ ማረሚያው ሳያሳውቅ «.ቲኤክስቲ» ጨምሮ ሊሆን ስለሚችል፣ ስሙን በመስኮት ሳይሆን በተርሚናል ይመልከቱ።

ሌላው ብዙዎችን ግራ የሚያጋባው ጉዳይ ሁኮች በክሎን የማይተላለፉ መሆናቸው ነው። ይህ ጉድለት አይደለም፤ ቢተላለፉ ኖሮ የማያውቁትን ሰው ሪፖዚተሪ ባወረዱ ቁጥር የዚያ ሰው ስክሪፕት በኮምፒውተርዎ ላይ በተነሣ ነበር። የቡድን ሁኮች ለሁሉም እንዲደርሱ ከተፈለገ ስክሪፕቶቹ እንደማንኛውም ፋይል በሚመዘገብ ማህደር ውስጥ ተቀምጠው፣ እያንዳንዱ ባልደረባ ክሎን ካደረገ በኋላ «ኮር.ሁክስፓዝ»ን ወደዚያ ማህደር እንዲያዞር ያስፈልጋል። ሁኮቹ የሚመጡት ከቴምፕሌት ማህደር (ጊት ሪፖዚተሪ ሲከፍት ፋይሎችን ከሚቀዳበት) ከሆነ ደግሞ ይህን ልብ ይበሉ፦ በነባር ሪፖዚተሪ ውስጥ «ጊት ኢኒት»ን መድገም የጎደለውን ፋይል ከቴምፕሌቱ ይጨምራል እንጂ ያለውን አይተካም። ስለሆነም በቴምፕሌቱ ውስጥ የተበላሸን ሁክ ቢያርሙም ቀደም ሲል የተቀዳው የተበላሸ ቅጂ በየሪፖዚተሪው እንዳለ ይቆያል፤ በእጅ ማጥፋትና «ጊት ኢኒት»ን እንደገና ማስኬድ ግድ ነው።

ደረጃ 2፦ ተጠርቶ መነሣት ያቃተውን ሁክ መመርመር

ከሁሉ የሚቀድመው የማስፈጸም ፈቃድ ነው፤ በደረጃ 1 የሁኩ ስም ከዝርዝሩ ውስጥ ባይታይም ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል። በሊኑክስና በማክ ላይ ፋይሉ ፈቃድ ከሌለው ጊት ሁኩን ትቶ ያልፈዋል፤ በአብዛኛው ሁኩ ማስፈጸሚያ ሆኖ ስላልተመዘገበ እንደተዘለለ የሚገልጽ የቢጫ ጽሑፍ ማስታወሻ ያወጣል፣ ሰው ግን ኮሚቱ ስለተሳካ አያነበውም። «ኤልኤስ -ኤል» ብለው ፈቃዱን ካዩ በኋላ «ችሞድ +ኤክስ» በሚለው ትእዛዝ ይስጡት። «ችሞድ 777» ማለት ግን ማንም ሰው ስክሪፕቱን እንዲለውጥ መፍቀድ ስለሆነ፣ በተለይ ሰርቨር ላይ ፈጽሞ አያድርጉት። ሁኩ የሚመዘገብ ፋይል ከሆነና የጻፈው ሰው ዊንዶውስ ላይ ከሆነ ፈቃዱ መጀመሪያውኑ ሳይመዘገብ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። «ጊት ኤልኤስ-ፋይልስ -ኤስ» ሲባል ከፋይሉ ፊት 100644 ከታየ ፈቃድ የለውም፣ 100755 ከሆነ አለው። የጎደለውን «ጊት አፕዴት-ኢንዴክስ --ችሞድ=+ኤክስ» በሚለው ትእዛዝ አስመዝግበው ኮሚት ያድርጉት፤ አለበለዚያ ክሎን የሚያደርግ ሁሉ ያንኑ ችግር ይወርሳል።

ፈቃዱ ተሰጥቶም ተርሚናሉ ፈቃድ የለም እያለ ከጸና፣ ዲስኩ «ኖኤግዜክ» በሚል አማራጭ የተያያዘ መሆኑን በ«ማውንት» ትእዛዝ ያጣሩ። እንዲህ ባለ ዲስክ ላይ ያለ ስክሪፕት ምንም ዓይነት ፈቃድ ቢሰጠው በቀጥታ አይነሣም፤ መፍትሔው ሁኮቹን ወደ ሌላ ዲስክ ወስዶ «ኮር.ሁክስፓዝ»ን ወደዚያ ማዞር ነው።

አሁን በዚህ ደረጃ ሰፊ ጊዜ ወደሚበላው ችግር እንምጣ። ተርሚናሉ ሁኩን «እንዲህ ያለ ፋይል የለም» ይላል፤ ፋይሉ ግን እዚያው ዓይንዎ ሥር ተቀምጧል። ይህ መልእክት የሚያወራው ስለ ሁኩ ሳይሆን በሁኩ የመጀመሪያ መስመር ላይ ስለተጠራው ኢንተርፕረተር (ስክሪፕቱን አንብቦ ስለሚያስፈጽመው ፕሮግራም) ነው። በፓውንድ ምልክትና በቃለ አጋኖ የሚጀምረው ይህ መስመር ለምሳሌ «/ቢን/ኤስኤች» የሚል ከሆነና ፋይሉ በዊንዶውስ የመስመር መጨረሻ ምልክት የተቀመጠ ከሆነ፣ ከ«ኤስኤች» ቀጥሎ በዓይን የማይታይ አንድ ቁምፊ አለ። ሊኑክስ ያንን ቁምፊ የስሙ አካል አድርጎ ስለሚያነበው በዚያ ስም የሚጠራ ፕሮግራም ይፈልጋል፣ አያገኝም። የማይታየውን ለማየት ፋይሉን በ«ካት» ትእዛዝ ከትልቁ «ኤ» አማራጭ ጋር ይክፈቱት። ጤነኛ መስመር በዶላር ምልክት ብቻ ያበቃል፤ የታመመው ከዶላሩ በፊት የካሬት ምልክትና ትልቁ «ኤም» ተጣብቀውበት ይታያል። እኔ ራሴ ይህንን ምልክት ካወቅሁበት ቀን ወዲህ «ፋይል የለም» የሚል መልእክት በመጣ ቁጥር ከምንም በፊት የማየው እርሱን ነው፤ ከዚያ በፊት ግን ለአንድ እንዲህ ላለ ሁክ ሼሉን እስከ ማራገፍና እንደገና እስከ መጫን ደርሼ ነበር።

ፋይሉን «ዶስ2ዩኒክስ» በሚባለው ፕሮግራም ማጽዳት ችግሩን ለዛሬ ይፈታል። ለዘለቄታው ግን «.ጊትአትሪቢውትስ» በሚባለው ፋይል ውስጥ ለሁኮቹ ማህደር «ኢኦኤል=ኤልኤፍ» የሚለውን ደንብ ያስገቡና «ጊት አድ --ሪኖርማላይዝ» ካስኬዱ በኋላ ኮሚት ያድርጉ። ደንቡ መግባቱ ብቻ ዲስክ ላይ ቀድሞ የወጣውን ቅጂ አይለውጠውም፤ የሁኩን ፋይል አጥፍተው በ«ጊት ቼክአውት» እንደገና ማውጣት ያስፈልጋል። አንዳንድ የጽሑፍ ማረሚያዎች ደግሞ በፋይሉ መጀመሪያ ላይ ባይት ኦርደር ማርክ የተባለውን የማይታይ ምልክት ያስቀምጣሉ፤ የመጀመሪያው መስመር ከዚያ ምልክት ቀጥሎ ስለሚመጣ ሲስተሙ አይለየውም። ፋይሉን ያለ ምልክቱ እንደገና ማስቀመጥ ይበቃል።

ስክሪፕቱ ተነሥቶ ወዲያው 127 በሚል የመውጫ ኮድ ከወደቀ፣ በውስጡ የጠራው ፕሮግራም አልተገኘም ማለት ነው፤ 126 ከሆነ ደግሞ ተገኝቶ ለመነሣት አልተፈቀደለትም። ከተርሚናል ሲሞከር የሚሠራ ሁክ ከማረሚያ ፕሮግራም ወይም ከመስኮታዊ የጊት መሣሪያ ሲነሣ 127 የሚያወጣው «ፓዝ» የሚባለው ቫሪያብል (ፕሮግራሞች የሚፈለጉባቸው ማህደሮች ዝርዝር) በሁለቱ ቦታዎች ስለሚለያይ ነው። ተርሚናልዎ ሲከፈት የሚያነበውን የማስጀመሪያ ፋይል መስኮታዊው ፕሮግራም አያነብም፤ የኖድ ወይም የፓይተን ቨርዥን መቀየሪያዎች ደግሞ መንገዳቸውን የሚያስገቡት በዚያ ፋይል ውስጥ ነው። ከሁኩ መጀመሪያ ላይ የ«ፓዝ»ን ይዘት ወደ አንድ ፋይል የሚጽፍ መስመር ያስገቡና ከሁለቱም ቦታ አስነሥተው ያወዳድሩ። ልዩነቱን ሲያገኙ የጎደለውን ማህደር በሁኩ ውስጥ በግልጽ መጨመር ወይም ፕሮግራሙን በሙሉ አድራሻው መጥራት ይቻላል፤ ሁለተኛው ለሰርቨር የተሻለ ነው፣ ለቡድን ሁክ ግን አድራሻው ከሰው ሰው ስለሚለያይ አልመክረውም።

ደረጃ 3፦ ተነሥቶ «አልቀበልም» ያለውን ሁክ ማድመጥ

ጊት የሁክን ውሳኔ የሚያውቀው በመውጫ ኮዱ ነው። እንደ ፕሪ-ኮሚት፣ ፕሪ-ፑሽና ፕሪ-ሪሲቭ ያሉ ቀዳሚ ሁኮች ከዜሮ ሌላ ኮድ ከመለሱ ሥራው ይቆማል፤ ፖስት-ኮሚትና ፖስት-ሪሲቭ ግን ቢወድቁም የተፈጸመውን አይመልሱትም። ስለዚህ ፖስት-ሪሲቭ ውስጥ ስህተት ሲታይ ፑሹ (ወደ ሰርቨር የተላከው ለውጥ) ራሱ ገብቷልና ደግመው ፑሽ በማድረግ አይድከሙ።

ምርመራውን ለማቅለል በሁኩ ሁለተኛ መስመር ላይ «ሴት -ኤክስ» ያስገቡ፤ ሼሉ እያንዳንዱን ትእዛዝ ከመፈጸሙ በፊት ያትመዋል። እ.ኤ.አ. በ2022 ከወጣው የጊት ቨርዥን 2.36 ጀምሮ ደግሞ «ጊት ሁክ ራን ፕሪ-ኮሚት» በማለት ኮሚት ሳያደርጉ ሁኩን ጊት በሚያስነሣበት ሁኔታ መሞከር ይቻላል።

በዝግጅት ወቅት ብቻ የሚታዩ ውድቀቶች አብዛኞቹ ከአንድ ምንጭ ይመነጫሉ። የሁኩ ጸሐፊ ስክሪፕቱን የሞከረው ታሪክ ባለው ሪፖዚተሪ ላይ ነው፤ አዲሱ ሪፖዚተሪ ግን ገና ታሪክ የለውም። ፕሪ-ኮሚቱ የተለወጡትን ፋይሎች ለማወቅ ከ«ሄድ» (የአሁኑን የመጨረሻ ኮሚት ከሚያመለክተው ስም) ጋር የሚያወዳድር ከሆነ፣ በመጀመሪያው ኮሚት ጊዜ «ሄድ» የሚያመለክተው ኮሚት ስለሌለ ይወድቃል። መፍትሔው ጊት ራሱ በሚያስቀምጠው የፕሪ-ኮሚት ናሙና ውስጥ ይገኛል፦ መጀመሪያ «ጊት ሬቭ-ፓርስ --ቬሪፋይ ሄድ» ተብሎ ይጠየቃል፤ ኮሚት ካለ ከእርሱ ጋር፣ ከሌለ ደግሞ «ጊት ሃሽ-ኦብጀክት -ቲ ትሪ /ዴቭ/ነል» ከሚያወጣው የባዶ ማህደር መለያ ጋር ይወዳደራል።

በሰርቨር በኩል ተመሳሳዩ ችግር በዜሮዎች መልክ ይመጣል። ፕሪ-ሪሲቭና ፖስት-ሪሲቭ በመደበኛ ግብዓታቸው ለእያንዳንዱ ብራንች (የሥራ ቅርንጫፍ) የቀድሞውን የኮሚት መለያ፣ አዲሱን መለያና የብራንቹን ስም በአንድ መስመር ይቀበላሉ፤ «አፕዴት» የሚባለው ሁክ ግን የሚቀበላቸው እንደ አርግዩመንት ሲሆን የብራንቹ ስም ይቀድማል። ብራንቹ ገና ሲፈጠር የቀድሞ መለያ ስለሌለ በቦታው 40 ዜሮዎች ይገባሉ። ስክሪፕቱ «ከቀድሞው እስከ አዲሱ ያሉትን ኮሚቶች ዘርዝር» ብሎ ሲጠይቅ ጊት ዜሮዎቹን የኮሚት መለያ አድርጎ ስለማይቀበል፣ ክልሉ ትክክል አይደለም ብሎ ይወድቃል፤ በመሆኑም ባዶ ሪፖዚተሪ የመጀመሪያውን ፑሽ አልቀበል ይላል። አንድ ጊዜ እኔ በያዝሁት ሰርቨር ላይ ይኸው ሲደርስ፣ መልእክቱ ላይ የተደረደሩትን ዜሮዎች የተበላሸ ዳታ መስለውኝ ሪፖዚተሪውን አጥፍቼ እንደገና ከፈትሁት፤ እንደገና በተከፈተ ቁጥር ደግሞ ታሪኩ ባዶ ስለሚሆን ያው ስህተት ተመልሶ መጣ። መደረግ የነበረበት በስክሪፕቱ ውስጥ የቀድሞው መለያ ዜሮ ብቻ መሆኑን ማጣራትና፣ ከሆነ አዲሱን መለያ ከ«--ኖት --ኦል» ጋር ለ«ጊት ሬቭ-ሊስት» መስጠት ነበር። ብራንች ሲሰረዝም በተቃራኒው አዲሱ መለያ ዜሮ ስለሚሆን ሁለቱንም ወገን ማጣራት ያስፈልጋል። የዜሮዎቹን ብዛት 40 ብለው በስክሪፕቱ ውስጥ አይቁጠሩ፤ በሻ-256 (ረዘም ያለ መለያ በሚያወጣው ስልት) የተከፈተ ሪፖዚተሪ 64 አለው።

ቀጥሎ ያለው ደግሞ ፑሽ ሲገባ ድረ ገጽን በራሱ የሚያድስ ፖስት-ሪሲቭ ለሚያዘጋጁ ሰዎች ነው። ስክሪፕቱ ወደ ድረ ገጹ ማህደር ገብቶ «ጊት ፑል» ሲል ቦታው ሪፖዚተሪ አይደለም የሚል መልስ ያገኛል፤ በእጅ ሲሞከር ግን ይሠራል። ምክንያቱ ጊት ሁኩን ሲያስነሣ «ጊት_ዲር» የሚባለውን ቫሪያብል በነጥብ፣ ማለትም «አሁን ያለህበት ማህደር» በሚል ዋጋ ስለሚሞላው ነው። ስክሪፕቱ ማህደር ሲቀይር ነጥቡም አብሮ ትርጉሙን ይቀይራል። ወደ ሌላው ማህደር ከመግባት በፊት «አንሴት ጊት_ዲር» ማለት ይፈታዋል።

እ.ኤ.አ. በ2022 ሚያዝያ ወር ገደማ ከወጣው 2.35.2 ወዲህ ደግሞ ጊት የሌላ ተጠቃሚ ንብረት በሆነ ማህደር ውስጥ መሥራትን ይከለክላል፤ መልእክቱም የማህደሩ ባለቤትነት አጠራጣሪ ነው ይላል። በኮንቴነር ውስጥ ወይም በሰርቨር ላይ ሪፖዚተሪውን በአስተዳዳሪ መለያ ከፍተው ሁኩ በሌላ ተጠቃሚ ሲነሣ የሚያጋጥመው ይህ ነው። ትክክለኛው መፍትሔ የማህደሩን ባለቤት በ«ችኦን» ማስተካከል ነው። ያ የማይቻል ከሆነ ያንን አንድ ማህደር ብቻ «ሴፍ.ዳይሬክቶሪ» በሚለው ቅንብር ማስመዝገብ ይቻላል፤ በኮከብ ምልክት ሁሉንም ማህደር መፍቀድ ግን ጥበቃውን ከነጭራሹ ማንሣት ስለሆነ ልመክረው አልችልም።

በመጫኛ መሣሪያዎች የሚመጡ ውድቀቶች

ሁኮችን የሚጭኑ መሣሪያዎች ራሳቸው በዝግጅት ጊዜ ሊወድቁ ይችላሉ። ፕሪ-ኮሚት የተባለው የፓይተን መሣሪያ «ኮር.ሁክስፓዝ» ተቀምጦ ካገኘ ሁኮቹን አልጭንም ብሎ ያቆማል፤ በደረጃ 1 በተገለጸው መንገድ ቅንብሩ ከየት እንደመጣ ካወቁ በኋላ የማያስፈልግ ከሆነ «--አንሴት-ኦል» በሚለው አማራጭ ያንሡት። ሐስኪ የተባለው የኖድ ፕሮጀክቶች ሁክ መጫኛ ደግሞ የሚነሣው ከጥገኛ ፓኬጆች ጭነት በኋላ ነው፤ ለምርት ብቻ የሚያስፈልጉት ፓኬጆች በሚጫኑበት ሰርቨር ላይ ሐስኪ ራሱ ስላልተጫነ «ፕሪፔር» የተባለው ስክሪፕት 127 አውጥቶ መላውን ጭነት ያከሽፋል። ስክሪፕቱ ሐስኪ ሲታጣ በዝምታ እንዲያልፍ ማድረግ ተገቢ ነው፤ በዚያ ሰርቨር ላይ ኮሚት የሚያደርግ ሰው የለምና።

ክሎኑ ራሱ በመካከል ተቋርጦ ንቁ የሆነ የፖስት-ቼክአውት ሁክ ተገኝቷል የሚል መልእክት ከመጣ የጊትዎን ቨርዥን ይመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2024 ግንቦት የወጣው 2.45.1 ለደኅንነት ሲባል ይህን ክልከላ ጨምሮ ነበር፤ ጊት ኤልኤፍኤስን (የትልልቅ ፋይሎች መያዣ ተጨማሪ መሣሪያ) ጨምሮ ሕጋዊ አጠቃቀሞችን ስለሰበረ በቀጣዩ 2.45.2 ተነሥቷል። ጊትን ማሳደግ ብቻ ይበቃል።

በሰብቨርዥን

«ኤስቪኤንአድሚን ክሪዬት» አዲስ ሪፖዚተሪ ሲከፍት በ«ሁክስ» ማህደር ውስጥ «.ቲኤምፒኤል» የሚል ቅጥያ ያላቸው ናሙናዎች ያስቀምጣል፤ የሚፈለገውን ያለ ቅጥያው ገልብጦ የማስፈጸም ፈቃድ መስጠት ያስፈልጋል። ዊንዶውስ ላይ ግን እንደ «.ባት» ወይም «.ኤግዜ» ያለ ቅጥያ ግድ ነው። ከጊት የሚለይበት ዋናው ነገር ሰብቨርዥን ሁኮችን የሚያስነሣው ባዶ በሆነ ኢንቫይሮንመንት ውስጥ መሆኑ ነው፤ «ፓዝ» እንኳ የለም። ስለዚህ ሁኩን በእጅ ሲሞክሩ ከፊቱ «ኢኤንቪ -አይ» ያድርጉ፤ ያን ጊዜ ሰርቨሩ የሚያየውን ያያሉ። በስክሪፕቱ ውስጥ እያንዳንዱን ፕሮግራም በሙሉ አድራሻው ይጥሩ።

ሁኩ 255 አውጥቶ ምንም ሳይል ከወደቀ በአብዛኛው ጭራሹን መነሣት ስላልቻለ ነው፤ ደረጃ 2ን ከፈቃድ ጀምረው ይከተሉ። ስክሪፕቱ ለተጠቃሚው ሊያስተላልፍ የሚፈልገው መልእክት ካልደረሰ ደግሞ መልእክቱ ወደ ስህተት መውጫ መሄዱን ያጣሩ፤ ሰብቨርዥን ወደ ኮሚት አድራጊው የሚያሻግረው እርሱን ብቻ ነው። ሌላ ሪፖዚተሪ ለማንጸባረቅ «ኤስቪኤንሲንክ ኢኒት» ሲባል መድረሻው የሪቪዥን ባሕርያትን መለወጥ አልተፈቀደም ካለ፣ ችግሩ የተበላሸ ሁክ ሳይሆን የሌለ ሁክ ነው። «ፕሪ-ሪቭፕሮፕ-ቼንጅ» የሚባለው ሁክ እስካልተቀመጠና ዜሮ እስካልመለሰ ድረስ ሰብቨርዥን ለውጡን ይከለክላል። ሁኩን ሲያስቀምጡ የማንጸባረቂያውን ተጠቃሚ ስም ብቻ እንዲፈቅድ ያድርጉት፤ እነዚህ ባሕርያት በታሪክ ስለማይያዙ የተለወጠው አይመለስም።

ከእርማቱ በኋላ የሚደረግ ፍተሻ

ሁኩ የወደቀበት ሪፖዚተሪ አሁን ታሪክ ስላለው፣ እዚያው ላይ መሞከር የመጀመሪያውን ሁኔታ አይመልስልዎትም። በጊዜያዊ ማህደር ውስጥ ባዶ ሪፖዚተሪ፣ ከጎኑም በ«ጊት ኢኒት --ቤር» ሰርቨሩን የሚተካ ሌላ ይክፈቱና ሁኮቹን በየቦታቸው ያስቀምጡ። በመቀጠል የመጀመሪያውን ኮሚት፣ የመጀመሪያውን ፑሽ፣ ሁለተኛውን ፑሽ፣ አዲስ ብራንች መፍጠርንና ያንኑ ብራንች መሰረዝን በዚህ ቅደም ተከተል ይሞክሩ፤ ከዚያም ሆን ብለው ሁኩ ሊከለክለው የሚገባን ኮሚት ይስጡት። ሁሉን የሚያሳልፍ ሁክ ከማይነሣ ሁክ አይለይምና ይህን የመጨረሻውን ሙከራ እንዳይዘሉት። ፍተሻው እስኪያልቅ ድረስም «--ኖ-ቬሪፋይ» የሚለውን አማራጭ አይጠቀሙ፤ ፕሪ-ኮሚቱን ሳያስነሣ ስለሚያልፍ ያልታረመውን የታረመ ያስመስለዋል።